አዴ ዳርሚ ያስቀሩት ቺንጋ

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ሻይ እንኳን የማልጠጣ ሰው ነኝ፣ ጂን አየሁ፣ መንፈስ ነካኝ የሚለኝ ካለ «ሂድና ካንዴላህን አስጠርግ» ብዬ ነው የማባርረው፣ ትምህርቴን ፎርም ቱ ላይ ባቋርጥም ብረት አውቃለሁ፣ ብረት ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ አለቀ። ደግሞ ይሄ ነገር የሆነው እንደሌላው ሰው ወሬ በጨለማ አይደለም፣ በሞያሌ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ አርብ ቀን።

አንድ አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ቦዲዋን በእጄ በይጄ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ወንበሯን አሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ የጎደላት ሞተር ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተራ ሞተር አልፈለግኩም፣ ባለ ቱርቦ፣ ሲረግጡት ወንበር ላይ የሚለጥፍ፣ የማርሳቢትን መንገድ ተሳፋሪ ይዤ እንደ ጥይት የምመላለስበት ነው የፈለግኩት። ለዚህ ብዬ እንጀራዬን፣ ቦዳዬን፣ ሞተር ብስክሌቴን ማለቴ ነው፣ ሸጥኩ። ስለዚህ የምገዛው ሞተር ካልሠራ እኔም አበቃልኝ ማለት ነው፣ ይሄን ያዙልኝ።

ቡቲዬ ውስጥ አዴ ዳርሚ የሚባሉ የቦረና እናት ቤት እንዲህ ያለ ሞተር አለ አሉኝ። የልጃቸው የቦሩ ነው። ቦሩን ሞያሌ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ሚራ፣ ጫት ማለቴ ነው፣ ጭኖ የሚበር ልጅ ነበር፣ ግን ከሚራው ይልቅ በሽተኛ ያመላለሰው ይበልጣል፣ አምቡላንስ ሲጠራ ነዳጅ የለም፣ ሾፌር የለም ስለሚባል ሰው ሁሉ የሚደውለው ለቦሩ ነበር፣ እሱም እያፏጨ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ከከተማ ውጪ ጎልቦ በሽተኛ ሊያመጣ ሲሄድ ላጋው ወሰደው። ላጋ የምንለው ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚወርድበትን ደረቅ ወንዝ ነው፣ እዚያ ላይ ድልድይ ይሠራል ተብሎ ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ ቆመ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ምሰሶዎቹ አሁንም አሉ፣ ወፍ ያርፍባቸዋል።

ጓደኛዬ ሙሳ ፉንዲ ነው፣ መካኒክ፣ አብሮኝ መጣ። «ጎርፍ የዋጠውን ሞተር ልትገዛ?» አለኝ መንገድ ላይ፣ «ለምን ዓሣ አትገዛም፣ እሱም ውሃ ለምዷል!»

ሞተሩ ግቢው ውስጥ፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ፣ በቦሩ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ገለጥኩትና እጄን ጣል አደረግኩበት፣ እመኑኝ፣ ያን ሁሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብረት እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነበር። ብርድ ልብሱ ነው አልኩ ለራሴ። እኛ ዘንድ አሮጌ ሞተር ሳይሰማ አይገዛም፣ መሬት ላይ ጎማ ታነጥፍና እሱ ላይ አስቀምጠህ፣ ባትሪ አስረህ፣ ቤንዚን በጀሪካን ሰጥተህ ድምፁን ትሰማለህ። ሙሳ ዘይቱን በጣቱ አሻሽቶ አየው፣ ንጹህ ነው። ሽቦውን እንዳገናኘ ባንዴ ተነሳ፣ አልተንገዳገደም፣ አላሳለም፣ በረት ውስጥ የተኙት ጥጆች ሁሉ ብድግ አሉ፣ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረው ቆሙ። ከድምፁ ስር ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለ።

«ቱርቦው ነው» አለ ሙሳ።

«ቱርቦው ነው» አልኩ እኔም።

አዴ ዳርሚ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ተስማማን፣ ከፈልኩ፣ ልንጭን ስንል እሳቸው ጎንበስ ብለው የውጪውን ቺንጋ፣ የውሃውን ፖምፓ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ሙሳን አስፈቱት። ቀስ ብለው እንደ ገመድ ጠቀለሉት።

«አዴ፣ እሱ እኮ የሞተሩ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከብት ስትሸጥ ገመዱን ትሰጣለህ?» አሉኝ። «ከብቱ ይሂድ፣ ገመዱ እዚህ ይቀራል፣ አለበለዚያ በረቱ ባዶ ይሆናል።»

እውነታቸውን ነው፣ እዚህ አገር ላም የሸጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይዞ ነው የሚገባው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ለሞተር! ሙሳ ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል ያዘው። እኔም ከእናት ጋር በጎማ አልጣላም ብዬ ተውኩት፣ እሳቸው ቺንጋውን በረቱ በር ላይ፣ እንጨቱ ላይ አንጠለጠሉት።

ሞተሩን አስገባነው፣ ግን በልኩ የሚሆን ቺንጋ ሞያሌ ውስጥ ጠፋ፣ ከናይሮቢ በአውቶቡስ አስላክን። «ቺንጋ ሳይገባ ከጋራዥ እንዳትወጣ፣ ውሃው ይፈላና ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ትቀቅለዋለህ» አለኝ ሙሳ፣ እኔ ይሄ ይጠፋኛል? ያለዚያ ቺንጋ ማንኛውም ሞተር ገና ከከተማ ሳይወጣ ነው የሚፈላው።

አርብ ረፋድ ላይ ሙሳ አውቶቡሱን ሊቀበል ሄደ። እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ ሙሳ ጋራዡ ውስጥ የለም፣ መስጊድ ሄዷል፣ የመኪናዋ ኮፈን ግን ተዘግቷል፣ መፍቻዎቹም ተሰብስበዋል፣ ስለዚህ ቺንጋው ገብቷል አልኩ። ልክ ያኔ ስልኬ ጮኸ። ጃርሶ ነው፣ የእህቴ የሂሩት ባል፣ ጎልቦ ነው የሚኖሩት፣ ትንሽ ሱቅ አላቸው።

«ሂሩት ምጥ ይዟታል፣ ልጁ አልመጣም፣ ደም አለ» አለኝ፣ ድምፁ የሱ አይመስልም። «አምቡላንስ ደወልኩ፣ ጎማ የለውም አሉኝ።»

ሌላ ምን ላስብ? ቁልፉን አዞርኩና ወጣሁ። ሰዎች፣ ያ ሞተር እንዴት እንደሚሄድ በምን ልንገራችሁ፣ ድንጋዩን፣ አሸዋውን አያውቀውም፣ እኔ መሪ መያዝ ብቻ ነው ሥራዬ፣ ጉድጓድ ሳላይ በፊት እሷ ቀድማ እየቀነሰች ነው የመሰለኝ፣ የሙቀት መለኪያዋም ቀዝቃዛው ላይ ንቅንቅ አላለችም። ደረቁን ላጋ ተሻግሬ፣ ምሰሶዎቹን ተሳድቤ፣ ጎልቦ ደረስኩ፣ ሂሩትን ኋላ ወንበር ላይ ጃርሶ ጭን ላይ አስተኛናትና ተመለስን።

መንገድ ላይ ሂሩት ዓይኗን ሳትከፍት «ማነው የሚያፏጨው?» አለች።

«ቱርቦው ነው የኔ እህት፣ አይዞሽ።»

«ሰው ነው» አለች።

ላጋው አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ ልወርድ ገና ፍጥነት ስቀንስ፣ ሞተሩ ቀጥ። ጠፋ። ቁልፍ ባዞር፣ ባዞር፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳን የለም። መሪውን በቡጢ መታሁት፣ የሞተሩን እናት ተሳደብኩ፣ ወዲያው ደግሞ አዴ ዳርሚ ትዝ አሉኝና አፌን ያዝኩ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም፣ ላጋው አሸዋ ነው፣ ንፋስ የለም።

ፉጨቱ ግን አለ።

ተረዱኝ፣ ሞተር ሲጠፋ ቱርቦ አያፏጭም፣ ምን ነፍቶት ያፏጫል? ከኮፈኑ ስር ነው የሚመጣው፣ ቀስ ያለ፣ የሆነ ዜማ ያለው፣ እረኛ ውሃ ላይ ከብቱን ሲያቆም እንደሚያፏጨው ዓይነት። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ጃርሶ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጓል።

«ቦሩ ነው» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ቁም ነው የሚለው።»

ሳልመልስለት መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከላይ፣ ዝናቡ ከዘነበበት ከሩቅ ተራራ፣ ያ ውሃ መጣ፣ ቡናማ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ግራር ከነሥሩ ተሸክሞ፣ ፍየል ተሸክሞ፣ ሁለቱ ምሰሶዎች መሀል እያገሳ አለፈ። እኛ መሆን የነበረብን ቦታ ላይ። ፈራሁ ብል ውሸት ነው፣ ከፍርሃት ያለፈ ነገር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ሂሩት ትጮሃለች፣ ፉጨቱ ደግሞ ስትጮህ ዝቅ ይላል፣ ዝም ስትል ይመለሳል፣ እንደሚያባብል ሰው።

ውሃው ጉልበት ስር እስኪወርድ ጠበቅን፣ ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ቁልፉን ገና ስነካው ሞተሩ ተነሳ።

ሆስፒታል ደረስን፣ ሂሩትን አስገቧት፣ ተረፈች፣ ሴት ልጅም ወለደች። በር ላይ ላቤን እየጠረግኩ ቆሜ ሳለ ሙሳ በሰው ቦዳ እየከነፈ መጣ፣ እየጮኸ፣ «አንተ እብድ! ሞተሩን ገደልከው አይደል?» እጁ ላይ አዲስ ቺንጋ አለ፣ ከነወረቀቱ።

«ምንድነው እሱ?» አልኩት።

«ምንድነው ይለኛል! ከሶላት ስመለስ ላስገባው አልነበር!»

ኮፈኑን ከፈትን። ቺንጋ የለም። ፖምፓው ቆሟል፣ አቧራው ላይ አንድ ዙር የዞረበት ምልክት የለም። ሙሳ ራዲያተሩን በጨርቅ ሊከፍት ሲል እኔ በባዶ እጄ ያዝኩት፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ እንስራ። ሙሳ፣ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ አፍ ያለው ሰውዬ፣ ወረቀቱን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡቲዬ ሄድኩ። አዴ ዳርሚ በረቱ በር ላይ ተቀምጠዋል፣ ገና ስገባ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

«ደረሳችሁ?» አሉኝ። እኔ ለማንም አልነገርኩም።

ቺንጋው እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እጄን ስዘረጋ «አትንካው፣ ያቃጥላል» አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ሲሉኝ የምሰማ ሰው አይደለሁም፣ ነካሁት። ይኸው ጣቴ፣ ጠባሳው አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይይ።

አዲሱ ቺንጋ አሁንም ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ነው። ሙሳ «እናስገባው» አይለኝም፣ እኔም አልለውም። የጎልቦ ሰው አሁን የሚደውለው ለኔ ነው፣ እሄዳለሁ፣ መለኪያዋ አትነሳም፣ ፉጨቱ አለ። ግን በተመለስኩ ቁጥር አዴ ዳርሚ ቤት ጎራ እላለሁ፣ ቺንጋው እየሳሳ ነው፣ ክሩ ወጥቷል፣ ባለፈው ጠርዙ ተቀዷል፣ እሳቸውም ያዩታል።

እናንተ ሪባን ቆራጮች፣ ሁለት ምሰሶ አቁማችሁ ፎቶ ተነስታችሁ የሄዳችሁ፣ አምቡላንሱን ያለ ጎማ ያቆማችሁ፣ ለናንተ ነው፦ በደመወዝ ያልሠራችሁትን ሥራ የገደላችሁት ልጅ በነፃ እየሠራላችሁ ነው፣ ያ ቺንጋ የተበጠሰ ቀን ማን ሊያሻግረን ነው?