አራተኛው ቀዳዳ

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ሽባ ያልሆነው የግራ እጃቸው አውራ ጣት የጥሪ ደወሉን ተጭኖ ነበር። የልባቸው ድካም የታወቀ ነው፤ ሐኪሙም አልተጠራጠረ። ፖሊስ ያስጠራው ደወሉ ነው። መሥሪያ ቤት የነበረችው ሴት ልጃቸው ስልክ ላይ መጮኽ ነበረበት፤ አልጮኸም።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ገና ደጃፉን ሳትረግጥ፣ ወንዱ ልጅ የተከራዩን ክንድ ጨምድዶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ይኸው! አባባ ቤቱን ልቀቅ ቢለው ሲዝትበት ሰነበተ። ዛሬ የደወሉ ገመድ በእሱ መስመር ላይ ተሰክቶ ተገኘ!»

«ክንዱን ልቀቀው። ማሰር የእኔ እንጀራ ነው፤ አትሻማኝ» አለችው።

ከአልጋው ትይዩ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ያንኮራፋል። አጠገቡ መዳፍ የምታህል ባለ አምስት ቀዳዳ ሳጥን አለች። የገጣጠመችው ሴቷ ልጅ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እስቲ ለእኔ ለመሃይሟ አስረጂኝ።»

«የቤቱን ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ላፕቶፑ ነው። የገመድ ቀዳዳው ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ገመድ ቪላን በሚባል ዘዴ ከፋፈልኩት፤ በማይታይ ግድግዳ በይው። ከሳጥኗ አንደኛው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ፣ ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው፣ ሦስተኛው የአባባ ደወል። የቀሩት ሁለቱ የተከራዩ ናቸው፤ እሱ የሚጠቀመው አምስተኛውን ብቻ ነው። እዚያ የተሰካ ነገር ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ወደ እኛ አይሻገርም። የቤታችንን ነገር እንዳያይ ብዬ . . . ደወሉ አራተኛው ላይ ተሰክቶ አገኘሁት።»

«ጠዋት አላየሽውም?»

«ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ ሁሉ መብራት ያበራል፤ አራት መብራት መብራቱን አይቼ ነው ሁልጊዜ የምወጣው። ዛሬም አራት ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ ግን . . .»

ወስፌ ወደ ወንዱ ልጅ ዞረች። «አንተ ሳጥኗን ነክተሃል?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀዳዳ ሁሉ ያው ቀዳዳ አይደል?»

ተከራዩ ክንዱን እያሻሸ፣ «እኔም የማውቀው ክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለውን መሰኪያ ነው። ተጣልተናል፤ አልክድም። ግን ትናንት እንኳ ጋዜጣ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ» አለ።

ወስፌ ሳጥኗን በአንድ ጣት ገፋ አደረገቻት፤ ተንሸራተተች። የደወሉን ገመድ ነቅላ ራሱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። በብርሃን አገላብጣ አየችው። ዝም ብትል አንድ ንጹሕ ሰው ይታሰራል፤ ብትናገር ያቺ ልጅ ትሰበራለች።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል አስቀመጠቻቸው።

«ሳጥኗ ቀላል ናት፤ ገመድ ሲጎትቷት ተከትላ ትመጣለች። ሁለት እጅ ያለው ሰው በአንዱ ይዞ በሌላው ይነቅላል። ይህ ገመድ ግን በጥርስ ነው የተነቀለው፤ ንክሻው ይኸው። ነቅሎ ቢተወው ደግሞ አንድ መብራት ይጠፋና ታውቂ ነበር። ስለዚህ መብራት የሚያበራ፣ ጥሪ ግን የማያሻግር ቀዳዳ መረጠ። ያንን የማይታይ ግድግዳ ስትሠሪ ማን አጠገብሽ ነበር?»

«አባባ። በደህናው እጁ ባትሪ ያበራልኝ ነበር። ምን እንደምሠራ ካላስረዳሁት አያበራም።» ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ደወሉ በጠራሽ ቁጥር ሥራ ጥለሽ ስትወጪ አለቃሽ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ደግሞ ጥለሽ ከወጣሽ አትመለሺ አለኝ። ለወንድሜ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ትናንት፣ እዚህ በር ላይ። አባባ ተኝቶ ነበር።»

«አልተኙም ነበር» አለች ወስፌ።

ወንድምየው ተነሥቶ ግድግዳውን በጡጫ መታ። «ታዲያ ለምን ተጫነው? እንደማይደርስ እያወቀ!»

የወስፌ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶለዶመ። «ሰው ነበሩዋ። ጭንቁ ሲመጣ ልጃቸውን ፈለጉ።»

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ተከራዩ «ተዪው፣ እህቴ» አላት፤ እሷ ግን አነሣችው።

«አዎ፣ ጋሼ . . . አዎ፣ አርፏል። ነገ እገባለሁ።» ባዶውን አልጋ እያየች አዳመጠች። «አይ፣ ከእንግዲህ ጥዬ አልወጣም። የሚጠራኝ የለም።»