ከመቶ ሦስተኛ

ያን ማክሰኞ ጠዋት፣ የስምንት ወሯ ሚጢጢ በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ስትሞት አጠገቧ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ እናቷ፣ መምህሩ አባቷ፣ የእናቷ አባት የሆኑት የከብት ነጋዴ፣ ሞግዚቷ እና ሕፃናት የምትመዝነው ነርስ። ሚዛን ላይ ለመውጣት ተራ ሲጠብቁ የሕፃኗ ዓይን ፈዘዘ፤ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያ ዝም አለች። ሐኪሙ ሮጦ ቢደርስም ሊመልሳት አልቻለም።

መርማሪዋ ስትደርስ ሞግዚቷ ታስራለች። የጠቆማት አባትየው ነው። የዱቄት ወተቱን እየሰረቀች፣ የቀረውን በውሃ እያቀጠነች ታጠጣት ነበር ብሏል።

መርማሪዋ ከመናገር መስማት የሚቀናት ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሄዳ ማድቤት ገባች። የጠዋቱ ጡጦ ጠረጴዛው ላይ እንደተሞላ ቆሟል። ነቅነቅ አድርጋ አየችው። ወተቱ ወፍራም ነበር፤ የጡጦውን ግድግዳ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። መርዝ የለም፤ የተመታ ቦታም የለም። የሕፃኗ ሆድ ግን በውሃ ተሞልቶ፣ ውሃው የደሟን ጨው አቅጥኖ አንጎሏን አሳብጦታል። ሐኪሙ ለእኛ ጥም የሚቆርጠው ውሃ ለሕፃን ሲበዛ ገዳይ እንደሆነ አስረዳት። ሌሎቹ ፖሊሶች ይህን ሲሰሙ ነገሩ በሞግዚቷ ላይ አለቀ አሉ። መርማሪዋ ግን ያ ሙሉ ጡጦ ከዓይኗ አልጠፋም።

ሞግዚቷን እስር ቤት ሄዳ አነጋገረቻት።

«ወተቷን ለምን አልጠጣችም?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ጡጦውን ሳስጠጋላት ፊቷን ታዞራለች። እሷ ለጡጦ እንዲህ አልነበረችም፤ አልሰጥሽም ብላት እጄን ነው የምትበላው።» ፈገግ ልትል ብላ ከንፈሯ እምቢ አላት። «ሳትበላ የጠገበች ልጅ አይቼ አላውቅም።»

«ሌላስ ምን ትዝ ይልሻል?»

«ዳይፐሯ ርሶ ነበር። ልቀይርላት ስል አያቷ አባባ ተዪው አሉኝ። ከተመዘነች በኋላ ይደርሳል አሉኝ።»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ነርሷ ሄደች። ነርሷ ቤተሰቡን በደንብ ታውቀዋለች። ባለፈው ወር ሚጢጢን መዝና «ከመቶ ሦስተኛ ላይ ናት» ብላ ነበር። አያትየው ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ነርሷን መረቁ፤ ሰልፍ ላይ ላሉት ሁሉ የልጅ ልጃቸው ከመቶ ልጅ ሦስተኛ እንደወጣች እየዞሩ ነገሩ። ሰው ሳቀ። አማቻቸው መምህሩ ግን ፊቱ ቀላ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አረማቸው።

«ሦስተኛ መውጣት አይደለም፣ አባባ። ከመቶ ሦስት ነው። ወድቃለች።»

ወደ ሚስቱም ዞሮ፣ ማሳደግ ካልቻለች፣ በሚቀጥለው ወርም ልጅቷ ከወደቀች፣ ወስዶ ለእናቱ እንደሚሰጣት ተናገረ። እናትየው አንገቷን ደፋች። አያትየው ልጃቸውን አዩዋት።

«አንቺስ ለምን አላረምሽውም?» አለች መርማሪዋ።

«ልናገር ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የሚቀጥለው ሕፃን ያለቅሳል…» ነርሷ መሬት መሬት አየች። «የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አባባ በሩ ድረስ መጥተው ለመኑኝ። አስቀድሚልኝ ልጄ፣ ሳትሸና አሉኝ። እኔ ሳቅሁ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ይህን ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ወንጀለኛው ክፉ ሰው እንዲሆንላት እንደዚያ ቀን ተመኝታ አታውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ሁሉንም በሟቿ ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሞግዚቷ ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ ሥር ተቀመጠች። አያትየው ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይዘዋል።

«ወተቱን ያቀጠነ የለም» አለች መርማሪዋ። «ጡጦው ሙሉ ነበር፤ ወተቱም ወፍራም። ሚጢጢ ወተት እምቢ ያለችው ሆዷ ቀድሞ በውሃ ስለሞላ ነው።»

«ታዲያ ማን አጠጣት?» አለ አባትየው።

«መጀመሪያ ለምን እንደሆነ እንጠይቅ። ሊገድላት የፈለገ ሰው፣ ዳይፐሯ እንዳይቀየር ምን አገባው? ሳትሸና መዝኑልኝ ብሎስ ለምን ይለምናል? ይህ ሰው ሞቷን አልፈለገም። የፈለገው ክብደቷን ነው።» ወደ አያትየው ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባባ፣ ገበያ ላይ ውሃ የሞሉትን በሬ በምን ያውቁታል?»

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ሳያስቡ መለሱ። «ጎኑ ይነፋል። ዓይኑ ይፈዛል። መኖ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል…» አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ፊቱን ያዞራል» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው።

«ለምንድን ነው የሚያጠጡት?»

«ሚዛን እንዲደፋ። በሬ እኮ ምንም አይሆንም፣ ልጄ። ይሸናዋል፣ ያልቅለታል።» ወደ ጓሮው በር ዞረው አዩ። «እናቷ ስትለባብስ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። ኩባያውን በሁለት እጇ ትይዝልኛለች። ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ስትጨርስ ደግሜ እቀዳለሁ። እንዳይወስዱብን ብዬ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ብትከብድልኝ ብዬ።»

ነርሷ ማልቀስ ጀምራለች። ከወር በፊት ያልተናገረችውን ያን ጊዜ ተናገረች። መቶ ጤነኛ ሕፃናት ከቀላሉ እስከ ከባዱ ቢሰለፉ፣ ሚጢጢ ከቀላሎቹ ወገን ሦስተኛዋ ግድም ትቆማለች ማለት እንጂ ፈተና አልነበረም፤ በሰልፍ ውስጥ እዚያ የሚቆም ልጅ ምንጊዜም አለ። የሚያሰጋው ልጅ ከራሱ የዕድገት መስመር ሲወርድ ነው። ሚጢጢ ከተወለደች ጀምሮ መስመሯን ለቃ አታውቅም። እንደ እናቷ ደቃቃ ነበረች፤ ሌላ ነገር የለባትም።

«እኔ ማርክ መስሎኝ…» አለ መምህሩ።

አያትየው ነርሷን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ታዲያ ደህና ነበረች?»

«ደህና ነበረች፣ አባባ።»

እናትየው ተነስታ ኮቱን ከአባቷ ጭን ላይ አነሳች፤ ዘርግታ ያዘችላቸው።

«ልበሰው፣ አባዬ። እዚያ ይበርዳል።»

ሞግዚቷ እዚያው ተለቀቀች። አያትየው ከመርማሪዋ ጋር በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ።