ክፈቱልን

የሊፍቱ በር ሊዘጋ ሲል ቀጮ እግሯን አስገብታ ያዘችው። «አክስቴ፣ ዘንቢሉን ብቻ አስገቢልን፤ አንቺ እንደለመድሽው በደረጃ ነይ» አለች።

ውስጥ የቆመችው የክፍል ጓደኛዋ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። ማዳመጫ ከአንገቷ ስለማይጠፋ ዲጄ ነው የሚሏት። ስልኳን ቀድማ ደግናለች።

የቀጮ አክስት እስከ ስድስተኛ ፎቅ በእግሯ ነው የምትወጣው። ሸክም ይኑራት አይኑራት፣ ጉልበቷን ይመማት አይመማት፣ ሊፍት አትገባም። የሕንፃው ልጆች «ማራቶን» ብለዋታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዲጄ ይህን ሰምታ «የማን ዘመድ ናት ባክሽ?» ስትል ቀጮ መግቢያ ጠፋት። «ቆይ፣ ዛሬ ሊፍት ባላስለምዳት!» ብላ ፎከረች።

ታሪኩን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አክስቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠራ እሳት መነሣቱን፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎ እንደነበር፣ እሷ በመስኮት ስትወጣ ሁለት ባልደረቦቿ እዚያው መቅረታቸውን ሰምታለች። የሰማችው ግን ስልኳን እየነካካች ነው። ለእሷ ሊፍት ማለት መስታወቱ ላይ ፀጉሯን የምታስተካክልበት ቦታ ነው። በሩ ሳይከፈትላት ቀርቶ አያውቅም።

አክስቷ ዘንቢሉን ልታስቀምጥ አንድ እግሯን፣ ቀጥላም ሌላውን አስገባች። ቀጮ እግሯን ስባ ቁልፉን ተጫነች።

እሪታ ነበር የጠበቀችው፤ ትንሽ ይሳቅና ያልቃል ብላ። አክስቷ ግን አልጮኸችም። በሩን በመዳፏ መታችው፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጣቶቿን በበሩ ስንጥቅ ለማስገባት ትታገል ጀመር።

«ክፈቱልን» አለች በቀጭን ድምፅ። «እባካችሁ፣ ክፈቱልን።»

«ክፈቱልኝ» አላለችም። እዚያው ለቀሩት ለሁለቱ ባልደረቦቿም እንደምትለምን ቀጮ ገባት።

ዲጄ ስልኳን አወረደች። «ኧረ አስቁሚው!»

ቀጮ ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ደበደበች። ሦስት ፎቅ ይህን ያህል ይርቃል ብላ አስባ አታውቅም። በሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት አክስቷ በእንብርክክ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ዘንቢሉ ተገልብጦ ድንቹ ኮሪደሩ ላይ ተበተነ።

ዲጄ «ሰርዤዋለሁ» ብላ አንሾካሾከችና በደረጃው ቁልቁል ሮጠች። ቀጮ ድንቹን ለቀመች። ቀና ብላ የአክስቷን ዓይን ማየት አልቻለችም።

«አክስቴ…»

«ቀስ ብለን እንውጣ» አለች አክስቷ።

ቤት ሲገቡ የቀጮ እናት የእህቷን ጣቶች አየች። አንዱ ጥፍር ደምቷል። «እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ሊፍቱ ነዋ። ዘንቢሉን ሳስገባ በሩ ተዘጋብኝ።» ወደ ቀጮ ዞር አላለችም።

«ገባሽበት በይኛ! እሰይ!» እናትየው እጇን አጨበጨበች። «ታዲያ ምን ሆንሽ? ይኸው በደህና ወጥተሻል። ስንት ጊዜ ለመንኩሽ! በቃ፣ ነገ ሐኪም ቤት ስንሄድ እጅሽን ይዤ በሊፍት ነው የማወርድሽ። ይሄ ጉልበት እኮ አለቀ።»

አክስቷ «እሺ» አለች። እጆቿን እንደ ነጠላ በደረበችው ሻርፕ ውስጥ ደበቀች።

ቀጮ በሩ ሥር እንደቆመች ቀረች። ቪዲዮው ጠፍቷል፤ ዲጄ አታወራም፤ አክስቷ ደግሞ ሸፍናላታለች። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያበቃል፤ ለእሷ። ለአክስቷ ግን ነገ ጠዋት በሩ እንደገና ሊዘጋ ነው።

እናቷ ወደ ማዕድ ቤት ስትሄድ ቀጮ መንገዷ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አንዴ ቁጭ በይ» አለች። «በሩ በራሱ አይደለም የተዘጋው።»