ከጋሽ ይማም የተደበቀው መርዶ

ሉባባ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ግቢው ቧንቧ ነበር። ፊቷን ትታጠባለች፣ የሐዘን ነጠላዋን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ትከታለች፣ የዓይኗ ቅላት እስኪቀንስ ማድቤቱ በር ላይ ትንሽ ትቆይና ወደ አባቷ ትገባለች። ወንድሟ አራጋው ሚሌ መንገድ ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሞቶ እዚያው ተቀብሯል፤ ለቅሶው የተቀመጠው አክስቷ ቤት፣ ከኮምቦልቻ ወዲያኛው ጫፍ ነው። አባቷ ጋሽ ይማም አያውቁም። እንዴት ተደርጎ ይነገራቸዋል? የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ካዋላቸው ሰንብቷል። ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ፣ ሲስተር ብርቄ፣ «ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ የምናደርገው የለም፤ አንቺ ብቻ መንፈሳቸው እንዳይረበሽ ጠብቂልኝ» ብላታለች። ሉባባም በልቧ የማለችው ይህንኑ ነው፤ አባቷ የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ በሰላም ይሄዳሉ።

ማስታመሙን እጇ ለምዶታል። ገላቸው እንዳይቆስል ከጎን ወደ ጎን ታገላብጣቸዋለች፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ታርሳለች፣ መራራውን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ጉንጫቸው ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ከግቢው በታች፣ በጅቡቲው አስፋልት ላይ፣ ከባድ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «አራጋው ነው?» ይላሉ። «ወደብ ላይ ወረፋ ይዞት ነው አባ፣ ይመጣል» ትላለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። ውሸት እንዲህ ይቀልላል ብላ አስባ አታውቅም። ራሷን ጠላች፤ ግን ምን ታድርግ፣ ቀጠለች።

አንድ ቀን ከሰዓት መኪና አለፈ፣ እሳቸው አልጠየቁም። ሌላም አለፈ፣ አሁንም ዝም። ሉባባ እፎይ ማለት ሲገባት ይብስ ሠጋች። የትኛው ምላሰ ረጅም ነገራቸው? ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ጠረጠረች፣ ሲስተር ብርቄ ስትመጣም ጠየቀቻት። «መድኃኒቱ ያደነዝዛቸዋል፤ ደግሞ በዚህ ሰዓት የሌለ ሰው የሚያዩ በሽተኞች አሉ፣ አይግረምሽ፣ አትከራከሪያቸው» አለችና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አይግረምሽ ማለትማ ቀላል ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የበሽተኛ ክፍል ሽታ ሉባባ ታውቃለች፣ ላቡንም፣ መድኃኒቱንም፣ የታመቀ አንሶላውንም ለይታ ታውቃለች፤ ይሄ ግን ናፍጣ ነበር፣ ናፍጣና በፀሐይ የጋለ ጎማ፣ ከሥሩም ስሙን ልትጠራው ያልፈለገችው፣ ጣፈጥ ያለ፣ የከረመ ነገር። መስኮቱን ከፈተችው፤ የዝናብ አየር ገባ፣ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ሁልጊዜ ጥግ የምታስቀምጠውን በርጩማ አልጋው ራስጌ ተጠግቶ አገኘችው፤ ብትቀመጥበት ይሞቃል፣ አሁን ሰው የተነሣበት ያህል። ብድግ አለች። ከጓሮው ግድግዳ ጀርባ፣ መኪና ቀርቶ አህያ በማያልፍበት ገደል አፋፍ ላይ፣ አንድ ከባድ ሞተር ሳይሄድ ሳይጠፋ፣ በአንድ ቦታ ሲንተከተክ ይሰማት ጀመር። ጎረቤቷን ብትጠይቃት ምንም አይሰማኝም አለች።

ሌላ ቀን ከለቅሶ ስትመለስ የአባቷን ድምፅ ከበሩ ውጭ ሆና ሰማች። ከታመሙ ወዲህ ያልነበራቸው ጉልበት መጥቶላቸው አንድ ነገር ይለምናሉ፤ በመሃል ያርፋሉ፣ መልስ እንደሚያዳምጥ ሰው፤ ደግሞ ይለምናሉ። በሩን ስትከፍት ጸጥ አሉ።

«ከማን ጋር ነው አባ?»

«ከማንም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ጉንጫቸው በእንባ ርሶ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ይማም ሌላ ሰው ሆኑ። ሞት ደጃቸው የቆመው ሰውዬ ለሷ ይጨነቁ ያዙ። «በላሽ?» ይላሉ፤ «እስቲ ጎንሽን አሳርፊ» ይላሉ። ሲስተር ብርቄንም «እኔን ተይኝና ይችን ልጅ እያት» አሏት። «እሷማ ምን ትሆናለች ጋሼ፣ ይቺ ብረት» ብላ ነርሷ ሳቀች። ሉባባም አብራት ሳቀች፤ አባቷ ግን አልሳቁም፣ ዓይናቸውን ከሷ ላይ አሸሹ።

ያንን አተያይ የት እንደምታውቀው ስታብሰለስል ሰነበተች። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ገባት። እሷ ራሷ አባቷን የምታያቸው እንዲያ ነበር። ሰው መርዶ የደበቀበትን ሰው እንዲህ ነው የሚያየው፤ እየሳሳ፣ ዓይን ለዓይን ሳይገጥም፣ እህል ቅመስ እያለ። ውሃውን ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ሮጠች።

አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። መሐላዋ ትዝ አላት፣ ግን ፍርሃቷ ባሰ።

«አባ፣ አራጋው ሞቷል። ዋሽቼዎት ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እሱው ነገረኝ።»

«ሌላስ ምን አለዎት?»

ከጓሮው ግድግዳ ጀርባ ሞተሩ ጠፋ። የመኪና በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ፣ ቀጥሎም ጭቃው ላይ የሚራመድ ሰው ኮቴ። ጋሽ ይማም ማንሣት ካቃታቸው የቆየውን እጃቸውን በቀስታ አንሥተው ፀጉሯን ዳበሷት።

«ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ» አሏት፤ «እኔን ሊወስድ የመጣ መስሎኝ ነበር።»