የአሥራ ዘጠኝ ቀን ቁጥሮች

ፌርን ሁለት እስክሪብቶ ይዛለች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። አውቶብሱ በጠጠሩ መንገድ ሲንገጫገጭ እጇ እንዳይስት ደብተሩን በጉልበቷ ደግፋ ትጽፋለች። ሰኞ ጠዋት፣ 126 በ78። ሰኞ ማታ፣ 122 በ76። ማክሰኞን በጥቁሩ ጻፈችው። ረቡዕ ላይ ስትደርስ አሰብ አደረገችና 131 አለች። ቁጥሩ ሁልጊዜ ካማረ ሰው ይጠረጥራል።

«የቤት ሥራ ነው?» አለቻት ከኋላ የተቀመጠችው ማርሊ።

«የአያቴ ነገር ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁሌ የአያትሽ ነገር!» ማርሊ የጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች።

ማርሊ አልተሳሳተችም። ፌርን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ጃኒን በማዕድን ማውጫው ከባድ መኪና ትነዳለች፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤት። እሷ በሌለችባቸው ቀናት እርሻው ላይ ያሉት ፌርን፣ ወንድ አያቷ ክላሪ እና አራት መቶ በጎች ናቸው። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ በጎቹ ድርቆሽና ገብስ የሚበሉት በሰው እጅ ነው። ፌርን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ድርቆሽ ከፒክአፑ ላይ ታወርዳለች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በአውቶብስ ተጉዛ ትምህርት ቤት ትገባለች። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኗን ገልጣ መተኛት ከተማረች ቆይታለች።

ደብተሩንና የደም ግፊት መለኪያውን ማሽን ያመጣው ቪን ነው። ቪን የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የገጠር ሕክምና እንዲማር ለስድስት ወር ያንጋራ ወደምትባለው ትንሿ ከተማ ልኮታል። እየተማረ ጥናትም ይሠራል። ሆስፒታሉ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ታዲያ ሰዉ ቤቱ ሆኖ ጠዋትና ማታ ግፊቱን ቢለካ፣ ተማሪው በየሳምንቱ እየዞረ ቁጥሩን ቢያይ፣ የሆስፒታሉ ዶክተርም በስልክ መድኃኒቱን ብታስተካክል ያ ሁሉ መንገድ ይቀር ይሆን? የጥናቱ ጥያቄ ይኼ ነበር። ሃያ ሁለት ቤተሰብ ተመዘገበ።

ክላሪ ሁለት ሳምንት በደንብ ተለካ። ከዚያ ሰለቸው። «በቃ፣ አንቺ ያዢው» አላት። «ማሽን ለልጅ ነው የሚገባው።» እሱን በየማለዳው ከበጎች መሀል ፈልጎ፣ እጅጌውን አስጠቅልሎ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን ድርቆሽ ከማውረድ ይከብዳል። አንድ ምሽት ፌርን ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ጣላት። በማግስቱ ባዶው ቦታ ላይ ከትናንቱ የሚቀራረብ ቁጥር ጻፈች። ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱ ቁጥር ሁሉ ዓርብ ዓርብ አውቶብስ ላይ ይጻፋል።

ቤት ስትደርስ የቪን መኪና በአቧራ ተሸፍኖ በሩ ላይ ቆሟል። ቪን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሻይ ይጠጣል።

«ዶክተር፣ ፊትህን አይተኸዋል?» አለው ክላሪ። «አንተን ማን ይለካህ?»

«ገና ዶክተር አልሆንኩም፣ አቶ ክላሪ። እርስዎ አራተኛዬ ነዎት ዛሬ። ከጠዋት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ።»

«አቶውን ለፍርድ ቤት ተወው። ክላሪ በለኝ።»

ቪን ደብተሩን ተቀብሎ ገጾቹን ሲገልጥ የደከመው ፊቱ ፈታ አለ። «ፌርን፣ አንድ ቀን እንኳ አላጎደልሽም እኮ! የሌሎቹ ደብተር ወንፊት ነው። ጽሑፌን ላስረክብ አሥር ቀን ቀርቶኛል፤ የእናንተን ነው ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው።»

ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣና ከዶክተሯ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። «ግፊቱ ጥሩ ወርዷል ብላለች። ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን በግማሽ ይቀንሱ።»

«ተገላገልኩ!» አለ ክላሪ። «ያ ኪኒን ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ነው የሚውለው።»

ፌርን ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ የታጠበውን ኩባያ እንደገና አጠበችው። ቪን ተሰናብቶ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በጎቹን አብልተው ሲመለሱ፣ ክላሪ ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። በሁለት ጣቱ ጭንቅላቱን ያሻል። «ፀሐዩ ነው» አለ ሳትጠይቀው። ፌርን ማሽኑን አምጥታ ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቀለለች። 181 በ104። አምስት ደቂቃ ጠብቃ ደገመችው። 179 በ103።

«ስንት አለ?»

«መቶ ሰባ ዘጠኝ።»

ክላሪ ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። «መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ብለሽ ጻፊው።»

«አያቴ!»

«እስከ ዛሬ የጻፍሽውን ከየት ነው ያመጣሽው? ክንዴ መለካት አለመለካቱን የማላውቅ መሰለሽ?» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ስሚኝ ፌርን፣ ይኼን ካዩ ወስደው ያስተኙኛል። በጎቹ እየወለዱ ነው፣ እናትሽ እስከ ሐሙስ አትመጣም። ማን ሊያበላቸው ነው? አንቺ?»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ቤት ገብታ የኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋደመች፤ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። ብትናገር የቪን ጽሑፍ ይበላሻል፣ ክላሪ ይኮርፋል፣ አራት መቶ በጎች እሷ ላይ ይወድቃሉ። ዝም ብትል ነገም ግማሽ ኪኒን፣ ዓርብ ደግሞ አውቶብስ ላይ አሥራ አራት አዳዲስ ቁጥሮች። ድፍረት አልመጣላትም። ግን አንድ ተጨማሪ ቁጥር እንኳ ለመፍጠር አቅም እንደሌላት ገባት። ተነስታ ስልኩን አነሳች።

«ቪን፣ ፌርን ነኝ። ቁጥሮቹን ከራሴ ነው የጻፍኳቸው።»

«የትኞቹን?»

«ከአሥራ አምስተኛው ቀን ጀምሮ። አሥራ ዘጠኝ ቀን። የዛሬው ግን እውነት ነው፤ 179 በ103። ራሱን አሞታል።»

የቪን ድምፅ ወዲያው ተቀየረ። «ፊቱ በአንድ በኩል ተጣሟል? ሲናገር ይንተባተባል?»

ፌርን በመስኮት አየች። «ውሻውን እየሰደበ ነው፤ ጥርት አድርጎ።»

«ጥሩ። አጠገቡ ሁኚ። ዶክተሯን ጠይቄ መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩ ብዙም ሳይቆይ ጮኸ። ዶክተሯ ሙሉውን ኪኒን አሁኑኑ ይዋጥ፣ ዛሬውኑም ሆስፒታል ይግባ ብላለች። ቪን ራሱ ሊወስደው ተነስቷል።

«ደብተሩን ልቅደደው?»

«እንዳትቀጂው! በፈጠርሻቸው ላይ አንድ አንድ መስመር አስምሪባቸው፤ ከሥር ያለው ይነበብ።»

«ጽሑፍህስ?»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «እኔም እኮ አምስት ሳምንት ሙሉ ስመላለስ፣ ግፊቱን ማን ነው የሚለካው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።»

ክላሪ የቪን መኪና ውስጥ ሲገባ አላያትም። «ሸጥሽኝ» አለ ወደ ፊት እያየ፤ በሩንም ራሱ ዘጋው።

ጎረቤታቸው ዶት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ አብራት አደረች፤ ጃኒንም አስፈቅዳ እሁድ ማታ ደረሰች። እንደዚያም ሆኖ ስድስት ግልገሎች ሞቱ፤ ፌርን ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች፤ እጇ ላይ ውኃ የቋጠረው ቁስል ፈነዳ። ክላሪ ሐሙስ ዕለት ከስቶ፣ ሁለት ዓይነት አዲስ ኪኒን ይዞ ተመለሰ። ዶክተሯ «ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ይኼኔ እያወራን አንቀመጥም ነበር» እንዳለችው ለጃኒን ነገራት፣ ለፌርን ግን አልነገራትም። ማታ ላይ ብቻ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ «የሆስፒታሉ ሻይ እጣቢ ነው» አለ ወደ እሷ ዞሮ። ፌርን ተነስታ ውሃ ጣደች።

ዓርብ ቪን መጣ። ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ተራዝሞለታል፤ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ቀልቷል። አዲስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከላይ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በዚህ ቤት ግፊቱን የሚለካው ማን ነው?

ክላሪም ጃኒንም እኩል ፌርንን አዩ።

«እነሱን ተዪአቸው» አላት ቪን። «አንቺ ምን ያህል ትችያለሽ?»

እችላለሁ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነው። ዋጠችው።

«ጠዋት አልችልም» አለች።

ጃኒን ቀና አለች።

«ማታ እችላለሁ፤ ከእራት በኋላ፣ እሱ ከተቀመጠ። ጠዋት ግን ራሱ ይለካ። ካልለካም ባዶ ይሁን፤ እኔ አልሞላውም።»

ክላሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «የቱን ተጭኜ እንደማበራው እንደገና አሳዪኝ።»

ቪን እንዳለችው አድርጎ ጻፈ። «እሁድስ?»

«እሁድ እተኛለሁ።»

እሱንም ጻፈው።