ሁለቴ የሚነበብ ሰላምታ

«ያልኩሽን ነው የምትጽፊው፤ ያላልኩሽን አይደለም» አለች ካስቱላ። የደረቀ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ ፍሬው ባልዲው ውስጥ እየተንጫጫ ይወርዳል።

ማሪክሩስ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። «እማ፣ ይሄ እኮ በድምፅ ማጉያ ነው የሚነበበው። መንደሩ በሙሉ ይሰማል።»

«ታዲያ ለዛ አይደል? ለአባትሽ ብቻ ቢሆንማ ጓዳ ውስጥ በነገርኩት።»

የሳንታ ሩፊና መንደር ድምፅ ማጉያ ያለው ዶን ናቦር ሱቅ ጣራ ላይ ነው። አሳማ ሲጠፋም፣ አሳማ ሲታረድም፣ ሰው ሲሞትም የሚነገረው በሱ ነው። ልደት ደግሞ ወንዶቹ ወደ ሥራ ሳይወጡ፣ ገና ሲነጋጋ ይነበባል። ሌላው ማስታወቂያ አንዴ ከተነበበ በቃው። የልደት ሰላምታ ግን ሁለቴ ነው፤ መሐሉ ላይ ዘፈን ይገባል። በመጀመሪያው ግማሹ ሰው ገና አልነቃማ።

ካስቱላ የባሏን ሰላምታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብስ ስታጥብ በሆዷ ስታዘጋጅ ከርማለች። ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ ታናናሾቿን ስላሳደገች ማንበብ አትችልም። ያለችውን ቃል ግን አትረሳም፤ ሌላውም እንዲረሳባት አትፈቅድም።

«ቀጥዪ» አለች ማሪክሩስ።

«‹የዚህን መንደር ሽንት ቤት ሁሉ የሚመጥጠው እሱ ነው።›»

የማሪክሩስ እጅ ቆመ። «ሽንት ቤት ማለት የግድ ነው?»

«ምን ልበለው? የጽጌረዳ ማሳ?»

«የጽዳት ሥራ ይባላል።»

«ጽዳትማ እኔም ቤቴን እጠርጋለሁ። ጻፊ።»

ማሪክሩስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በክፍሏ ድርሰት የሚያምርላት እሷ ናት፤ መምህሯ ሁለቴ ጮክ ብለው አንብበውላታል። እናቷ ስትናገር ጎንበስ ብላ ጻፈች። የጻፈችው ግን ሌላ ነበር። «ለተከበሩ አባወራ፣ እንደ ንጋት ኮከብ ለሚያበሩ፣ በግል ሥራ ለተሰማሩት ለዶን ኢላሪዮ...» እናቷ ስለ ሳሙና ስታወራ እሷ ስለ ኮከብ ትጽፋለች። ስላረረ ቂጣ ስትሰማ «መሥዋዕትነት» የምትል ቃል አስገባች።

«በይ አንብቢልኝ» አለች ካስቱላ ሲያልቅ።

ማሪክሩስ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ይዛ እናቷ ያለችውን በቃሏ ወጣችው። አንድም አልሳተች። ካስቱላ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ጎበዝ። ለካ ትምህርት ቤት የሄድሽው በከንቱ አይደለም» አለቻትና ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

ማሪክሩስ ወረቀቱን ስታጥፍ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

የነገሩ መነሻ ያዲራ ናት። ያዲራ ከሁለት ወር በፊት ከአዲሷ ነርስ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከዶን ናቦር ሱቅ ጀርባ ነው። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ስትጠይቃት ማሪክሩስ «የቧንቧ ሥራ» አለቻት። ሌሎቹ ልጆች ያውቃሉ፤ ግን አብረው ያደጉ ስለሆኑ ጉዳያቸውም አይደለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ሞላ። አባቷ በዚያች ታንከር በተጫነባት አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ ቱቦውን ሲጎትት፣ እነማሪክሩስ ግንቡ ጥግ ቆመው ነበር። ያዲራ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ሽቶው መጣ» አለች። ልጆቹ ሳቁ። ማሪክሩስም ሳቀች። አባቷ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ ግን ዓይኑን እንደ ባዳ ሰው አሳልፎ፣ ዘበኛውን ውሃ የት እንዳለ ጠየቀው። ውሃው ያለበትን ከማንም በላይ ያውቃል።

ማታ ቤት ሲገባ ስለዚያ ነገር ምንም አላነሣም። እሷም አላነሣችም።

ሰላምታው በተጻፈበት ዕለት ማታ ኢላሪዮ እንደ ወትሮው ግቢ ውስጥ ሦስቴ ሳሙና መትቶ ታጥቦ ገባ። ጸጉሩ ይንጠባጠባል። ልጁን ግንባሯ ላይ ሳማትና ተቀመጠ። ካስቱላ የበቆሎ ቂጣውን ከባቄላ ወጥ ጋር አቀረበች። እሱ እጁን ሰዶ ከሥር ያለችውን፣ አንድ ጎኗ የከሰለችውን ሳብ አደረገ።

«ደህናው እያለ» አለች ካስቱላ።

«ያረረ ጥርስ ያጠነክራል።»

«አራት ጥርስ ነው የቀረህ፣ እነሱን ነው የምታጠነክረው?»

«እነሱ ናቸዋ ተስፋዎቼ።» አላመጠና ወደ ማሪክሩስ ዞረ። «ነገ ትምህርት ቤታችሁ ነኝ። እንደገና ሞልቷል አሉኝ። ደወል ሳይደወል ለመጨረስ እሞክራለሁ። ካልጨረስኩም በጀርባ በር ነው የምወጣው፤ አታስቢ።»

«አታስቢ ምን ማለት ነው?» አለች ካስቱላ።

«ምንም። የመኪናው ጭስ እንዳይረብሻቸው ነው» አለ።

ማሪክሩስ የያዘችውን ቂጣ ሳትጨርስ መልሳ አስቀመጠችው።

በነጋታው፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ሱቁ ደረሱ። ኢላሪዮ ሲነሣ ያገኘው የተሸፈነ ቁርሱን ብቻ ነው። ዶን ናቦር ካፖርት በፒጃማው ላይ ደርቦ፣ የዱቄት ጆንያዎቹ መሐል ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ማይክራፎን፣ የዘፈን ማጫወቻና ሁለት ቁራጭ ወረቀት አለ። አንደኛው ስለ ጠፋች አሳማ ነው።

«አምጪ እስቲ» አለ። ማሪክሩስ ወረቀቱን ሰጠችው። ሲቀበላት ጣቷ ትንሽ ዘገየ። ዶን ናቦር መነጽሩን አስተካክሎ ማይኩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከውጭ መንደሩ ላይ ድምፁ ሲያስተጋባ ተሰማ።

«እንደምን አደራችሁ የሳንታ ሩፊና ሰዎች። ዛሬ ልደት አለን። ‹ለተከበሩ አባወራ፣ እንደ ንጋት ኮከብ ለሚያበሩ፣ በግል ሥራ ለተሰማሩት ለዶን ኢላሪዮ። የእርስዎ መሥዋዕትነት ለቤተሰብዎ የማይነጥፍ ምንጭ ነው። ረጅም ዕድሜ ከባለቤትዎ ከካስቱላ።›»

ስለ አሳማ በሚያነብበት ድምፅ ነው ያነበበው። ከዚያ ዘፈኑን ለቀቀና ማይኩን ዘጋ።

ካስቱላ አልተንቀሳቀሰችም። ዘፈኑ ጣራው ላይ እየጮኸ «ይሄ የማን ባል ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ፣ ኢላሪዮ ብዬ አነበብኩ እኮ» አለ ዶን ናቦር።

«የኔ ባል ኮከብ አይደለም። አንተ ናቦር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው ይሄ?»

«በወረቀቱ ያለው ይሄ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ቆንጆ ነው፣ ምን አጠፋ?»

ካስቱላ ልጇን አየቻት። አልጮኸችም፤ ብትጮኽባት ለማሪክሩስ ይቀላት ነበር። «ትናንት ያነበብሽልኝስ?»

«በቃሌ ነበር» አለች ማሪክሩስ።

«ማንበብ እንደማልችል ስለምታውቂ።»

ካስቱላ ነጠላ ሻሿን ሰብስባ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ሴትዮዋ ተቀመጪ ሳትባል በሰው ቤት ስትቀመጥ ዶን ናቦር ያየው ያን ቀን ነው።

ዘፈኑ አራት አንጓ አለው። ሁለተኛው አልቋል። ማሪክሩስ በመስኮቱ ስታይ የነያዲራ ቤት መብራት በርቷል። ነርሷ ማልዳ ነው የምትወጣው፤ ያዲራም ነቅታለች ማለት ነው። ወረቀቱ እንደገና ቢነበብ ዛሬ ጠዋት የንጋት ኮከብ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ትገባለች። አባቷም በጀርባ በር ይወጣል። ማታ ታጥቦ ገብቶ ግንባሯን ይስማል። ሰላምታውን ወደደው ወይስ አልወደደውም፣ አይናገርም። እሱ እንደሆነ የሚነገረውን ሁሉ ያረረውን እንደሚበላው ነው የሚውጠው።

ሦስተኛው አንጓ አለቀ። ዶን ናቦር መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አነሣ።

ማሪክሩስ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ዶን ናቦር፣ ሁለተኛውን እኔ ልበለው።»

«ማይክ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በጣም አትጠጊው፣ ያፏጫል። ይቺን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢ፤ ስትጨርሺ ልቀቂ።» ወንበሩን ለቀቀላት። እሷ ግን ቆማ ነው የያዘችው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ዘፈኑ ሲያበቃ ቁልፉን ተጫነች።

«ይሄ ሰላምታ ለባሌ ለኢላሪዮ ነው፤ ከካስቱላ። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሳገባው ቤት አልነበረውም፣ አህያ እንኳ አልነበረውም፤ ሁለት እጅ ነበረው። የዚህን መንደር ሽንት ቤት ሁሉ የሚመጥጠው እሱ ነው። የሁላችሁንም ጓሮ ያውቃል፤ ስለ አንዳችሁም ግን አንድ ቀን ቤቴ ወሬ ይዞ አልገባም። ሲመለስ በብርድ ግቢ ቆሞ ሦስቴ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ነው ልጁን የሚስማት። ከቂጣ ውስጥ ያረረውን ይመርጣል፤ ያረረ እወዳለሁ ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፣ ያረረ የሚወድ ሰው ግን አላየሁም።»

ድምፁ ወደ ኮረብታው ሄዶ ይመለስባታል። ዞር ስትል የእናቷ ከንፈር አብሯት ይንቀሳቀሳል፤ ቃል እንዳይዘል የምትጠብቅ ይመስላል።

«ዛሬ ልደቱ ሆኖም ወደ ሥራ ነው የሚሄደው፤ የአንዳችሁን ሽንት ቤት ሊመጥጥ። በመኪናው አጠገብ ስታልፉ አፍንጫችሁን ብትይዙ እሱ አይቀየምም። እኔ ግን እቀየማለሁ።»

የካስቱላ ቃል እዚህ ያልቃል። ከንፈሯም ቆመ። ማሪክሩስ ግን ቁልፉን አልለቀቀችም። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሱም ጭምር መንደሩ ላይ ተሰማ።

«አባ፣ ማሪክሩስ ነኝ። ዛሬ በጀርባ በር አትውጣ። ግቢው ውስጥ ካየኸኝም በስሜ ጥራኝ።»

ቁልፉን ለቀቀች። ጣቷ ላይ ምልክቱ ቀርቷል።

ዶን ናቦር አፍንጫውን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ ወንበሩን ሳበና ስለ አሳማዋ ማንበብ ጀመረ። ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ ነው፤ ያየ ይንገር።

ሁለቱ ወደ ውጭ ወጡ። ሰማዩ ነጣ ብሏል። የተወሰነ መንገድ ሄደው «መጨረሻ ላይ ያለውን እኔ አላልኩም» አለች ካስቱላ።

«አላልሽም።»

«የምን በስሜ ጥራኝ ነው?»

«ስንሄድ እነግርሻለሁ። ደስ አይልሽም ግን።»

«ንገሪኝ ብቻ። ኮከብ እንዳታስገቢበት።»

ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት የኢላሪዮ ፒክአፕ ሞተር ከታች ይሰማ ነበር። ዛሬ አይሰማም። ማሪክሩስ ቆማ አዳመጠች። ቆይቶ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ፤ እሷም ለእናቷ ግንቡ ጥግ ስለሳቀችው ሳቅ መናገር ጀመረች።