ሁለት ላይ፣ አንድ ታች

ደብሪቱ ግምጃ ቤት ከምትባል ትንሽ ከተማ መጥታ በእንጅባራ ስልክ ቤት ስትቀጠር የተረከበችው አንድ ማዞሪያ፣ አንድ ወንበርና የማይነሣ ጉም ነበር። ጊዜው የደርግ ዘመን፣ 1980 ዓ.ም. ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ከተማዋን ኮሶበር ነበር የሚላት። ክረምት ሲገባ የኮሶበር ጉም ጠዋት በመስኮት ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይውላል።

ሰው ሁሉ በእሷ በኩል ይነጋገራል። ነጋዴው ባሕር ዳር ደውሎ ዕቃ ያዛል፤ እናት አዲስ አበባ ያለ ልጇን «በልተሃል ወይ?» ትላለች፤ መርዶውም ሠርጉም በእጇ ያልፋል። የከተማውን ድምፅ ሁሉ ለይታ ታውቃለች። የእሷን ድምፅ ግን «ባሕር ዳር ቀርቧል፣ ይነጋገሩ» ካለችበት በቀር የሚፈልገው አልነበረም። ሥራ ስትጨርስ በቀርከሃ አጥር ወደ ታጠረው የኪራይ ክፍሏ ትገባለች። እዚያ ደግሞ ጭራሽ የሚደውልም የለም።

በነሐሴ አንድ ቀን መብረቅ የስልክ እንጨት ጣለ። መስመሩ ከተጠገነ በኋላ ከዳንግላ ማዞሪያ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ኮሶበር፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ፣ ዳንግላ።»

«መስመሩ መጽናቱን ማየት አለብኝና ትንሽ አብረን እንቆይ። አንድ ነገር ተናገሪ።»

«ምን ልናገር?»

«የሚታይሽን።»

ደብሪቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ጉም ነው» አለች።

ከወዲያ በኩል በቀስታ ሳቀ። «እዚህም ጉም ነው። እንግዲህ አንድ ጉም ውስጥ ነን ማለት ነው።»

አበረ ይባላል። ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ አዲስ አበባ ሄዶ የስልክ ሥራ ተምሮ የተመለሰ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲጠፋና መስመሩ ባዶውን ሲውል መደዋወል ጀመሩ። አንድ ቀን እንዲህ አላት፦

«ባለካሬ ወረቀት አለሽ? መሐሉ ላይ አግድም አስምሪበት። መስመሩ መሬት ነው። ሞገድ ማለት ከመሬት ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ነገር ነው። እኔ እዚህ ሁለት ሞገድ ሥዬአለሁ፤ አንዱ ሰፊና ዝግተኛ፣ ሌላው ጠባብና ፈጣን። በየካሬው ሁለቱን ደምሬ ድምሩን ብቻ እነግርሻለሁ። አንቺ ሁለቱን ለይተሽ ታወጫቸዋለሽ።»

«አንዱ ላይ ሌላው ታች ቢሆኑስ?»

«ይቀናነሳሉ። እኩል ከሆኑ ይጠፋፋሉ።»

«የጠፋውን ታዲያ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ጨዋታው እሱ ነው» አለና ማንበብ ጀመረ፤ «ሁለት ላይ፣ ሦስት ላይ፣ አንድ ላይ፣ ዜሮ፣ አንድ ታች…»

የመጀመሪያውን ተሳሳተች። ሁለተኛውንም ተሳሳተች። ሦስተኛውን ይዛ ቤት ገባች፤ ሣለች፣ አጠፋች፣ እንደገና ሣለች። በማግሥቱ ጠዋት የስልክ ቤቱ በር ሳይከፈት ደርሳ ጠበቀች። መልሱን ስትነግረው አበረ ከራሱ ወረቀት ጋር አስተያየው። «ትክክል ነው» አላት፤ በድምፁ ውስጥ ደስታውን ሰማችው። ስለ እሷ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደ ሆነ ያኔ አሰበች፤ ዓይኗም እንባ አዘለ።

እያደር እሷም የራሷን ጥያቄ ማውጣት ጀመረች። የእሱ ሞገዶች እርጋታ ነበራቸው፤ የእሷ ይዘላሉ፣ ድንገት ይወርዳሉ።

«የአንቺ ሞገድ ምነው እንዲህ ይጋልባል?» ይላታል።

«የአገው ፈረስ ነዋ።»

እንዲህ ሆነው ዓመት አለፈ። ከማዞሪያው ስትነሣ ግን ክፍሏ ያው ክፍል፣ አጥሩም ያው አጥር ነው። ድምፁ ከጆሮዋ ጋር ቤቷ ድረስ ይሸኛታል፤ አብሯት አይገባም። ይህን አንድ ቀን ሳታስበው ነገረችው።

«ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ እንገናኝ» አላት። «ከተማዋ ለሁለታችንም መንገድ ላይ ናት።»

«በምን ትለየኛለህ?»

«ብቻ አንድ ነገር ተናገሪ።»

ቅዳሜ ገበያው ደርቷል፤ ከሰል የጫኑ አህዮች፣ የሚሸጡ ፈረሶች፣ የድንች ክምር። ደብሪቱ አንዲት ድንች ሻጭ ፊት ቆማ «እናቴ፣ ይኼ ስንት ነው?» እንዳለች ከኋላዋ «ኮሶበር» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞረች። ከድምፁ ይልቅ ቀጭን ነበር። ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ የሚያፍር። እጆቻቸው የሚይዙት ነገር አጥተው የሚገቡበት ቸገራቸው። ገበያውን ከዳር ዳር ዞሩት፤ ሻይ ቤት ገብተው ብርጭቆውን ሲያዩ ቆዩ።

«እንዲህ ዝም የምንባባል ከሆነ ለምን መጣን?» አለች በመጨረሻ።

«ላይሽ» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አልሰበረም። ከዚያ ወዲያ ዝምታው አልከበዳቸውም። ሊለያዩ ሲሉ ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ወደ ግምጃ ቤት እንደሚልክ ነገራት።

እናቷ ወይዘሮ ዋጋዬ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «በሽቦ የተገኘ ባል! ለመሆኑ ዘመዶቹ እነማን ናቸው?» አለች። ቢሆንም በዚያው ሳምንት ለሽማግሌዎቹ የሚሆን ጌሾ አሰጣች።

ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም።

1982 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም እየተጠጋ ነው ይባል ነበር፤ ሰው ከጥላው ጋር የማይተማመንበት ጊዜ። ጥምቀት ሊሆን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጓድ ነጋ የሚባለው ካድሬ ከቢሮው ባሕር ዳርን እየጠበቀ ሳለ መስመር ተጠላለፈና ጆሮው ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ ገባ። «ሦስት ላይ፣ ሁለት ታች፣ አንድ ታች…» ይላል። አንዲት ሴት እየደገመች ትቀበላለች።

በማግሥቱ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ደብሪቱን ከወንበሯ አስነሥተው፣ ወረቀቶቿን ሰብስበው ወሰዷት። አበረም ዳንግላ ላይ ተይዟል።

ጓድ ነጋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «ላይ ማን ነው? ታችስ ማን ነው?» አላት።

«ሞገድ ነው፣ ጓድ። ጨዋታ ነው።»

«ተራራው ላይ ስንት ሰው፣ ተራራው ሥር ስንት ሰው እንዳለ መነጋገር ጨዋታ ሆነ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት እጁን አነሣ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ልጄ። የዳንግላው ልጅ ቃሉን ሰጥቷል። ሁሉም የእኔ ነው፤ እሷ ያልኳትን ከመጻፍ በቀር ትርጉሙን አታውቅም ብሏል። አንቺም እንደዚያው በይና ወደ ቤትሽ ግቢ።»

አበረ ስለ እሷ ሲል አንገቱን ለገመድ እንደ ሰጠ ገባት። እናቷ በዓይኗ ላይ መጣች፤ ከአባቷ ሞት በኋላ ያላት እሷን ብቻ ነው። «አላውቅም» የሚለው ቃል አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያንን ቃል ከተናገረች ግን አበረ ብቻውን እንደሚቀር አሰበች፤ ብቻነት ምን እንደሚመስል ደግሞ እሷ ጠንቅቃ ታውቃለች።

«ውሸቱን ነው» አለች። «ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ግማሾቹን ጥያቄዎች ያወጣሁት እኔ ነኝ። እርሳስ ይስጡኝና ላሳይዎ።»

ጓድ ነጋ አፍጥጦ አያት። ካድሬ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል እርሳሱን የገፋላት። አሰመረች፣ ድምሩን ጻፈች፣ «ሁለቱን ይለዩ» አለችው። መጀመሪያ በንቀት ጀመረው። ቆይቶ ኮቱን አወለቀ። ተሳሳተ፣ ሰረዘ፣ «ቆይ፣ አትንገሪኝ» አላት። በመጨረሻ ሁለቱ ሞገዶች ወረቀቱ ላይ ሲወጡለት ፊቱ በራ፤ ለአፍታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ወጣት መሰለ።

ያ ብርሃን ግን ወዲያው ጠፋ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ገብቶኛል» አለ። «ነገር ግን ወሬውን ትናንትና ለበላይ አድርሻለሁ። ዛሬ ተመልሼ ጨዋታ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«እውነቱን ይንገሯቸው።»

«እውነት መናገር ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ፣ እኔም እስካሁን አስተማሪ ነበርኩ።»

ለበላዮቹ ምን ብሎ እንደ ነገራቸው ደብሪቱ አላወቀችም። የሆነው ይህ ነው፦ አበረ ከወህኒ ተርፎ፣ የጦሩ የራዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሰሜን እንዲዘምት ተወሰነበት። እሷ ከማዞሪያው ተባረረች። የተፈታች ዕለት ዳንግላ ሄደች፤ አበረን የጫነው የጦር መኪና ከሄደ ቀን አልፎታል። የአበረ እናት ወይዘሮ ስሜነሽ በሩን ከፍታ ቆመች።

«በስልክ የምታጫውቺው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲህ ልጄን አስበልተሽብኛል። ሂጂ ከደጄ።» በሩ ተዘጋ።

ደብሪቱ ግምጃ ቤት ከእናቷ ዘንድ ገባች። ጠያቂ አልጠፋም፤ እናቷ ግን «ልጄ ቀን ይውጣላት» እያለች ሽማግሌ መለሰች። በ1983 ግንቦት ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በጎጃም መንገድ ሲጎርፍ፣ ደብሪቱ ኮሶበር ወርዳ ከመንገዱ ዳር በጀሪካን ውኃ ይዛ ቆመች። እግሩ ያበጠውን፣ ጫማ የሌለውን ሁሉ እያጠጣች ፊት ፊቱን አየች። «ራዲዮ ላይ የነበረ አበረ የሚባል አታውቁም?» አለች። አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዱ ጥያቄዋን ሳይሰማ ጠጥቶ ይሄዳል። መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆመች።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወደ ማዞሪያዋ መለሷት። ዳንግላ ላይ አሁን የተቀመጠችው ሽቱ የምትባል ተጫዋች ልጅ ነች። ሽቱ «ዳንግላ ነኝ» ባለች ቁጥር የደብሪቱ ልብ ይሸማቀቃል። አንድ ቀን ሽቱ እንደ ዋዛ እንዲህ አለቻት፦

«ይህ ወንበር የማን እንደ ነበር ታውቂያለሽ? አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ አለ፣ የእሱ ነበር አሉኝ። ከጦርነት ቢመለስም ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው ምንም አይሰማም። ከእናቱ ግቢ አይወጣም፤ ያሳዝናል።»

ደብሪቱ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች፤ ማዞሪያው ላይ እየበራ የሚጠራውን ሁሉ ትታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ወይዘሮ ስሜነሽ በሩን ከፈተች። አርጅታለች። ደብሪቱን አየቻት፤ አወቀቻት። ከበሩም ዘወር አለችላት።

አበረ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የተሰበረ ጃንጥላ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሽቦ ያቃናል። ጠጉሩ በአንድ በኩል ሸብቷል። የእግሯን ኮቴ አልሰማም። ዞራ ፊቱ ቆመች። ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ።

«አግብተሻል ብዬ ነበር» አለ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው በኃይል ነበር የተናገረው።

ራሷን ነቀነቀች።

«አልመጣሁም» አለ እንደዚያው እየጮኸ። «አንቺን የማውቅሽ በድምፅሽ ነው። ድምፅሽ ደግሞ ጠፍቶብኛል። መጥቼ ምን ላደርግሽ ነው?»

ደብሪቱ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይኖቹ እነዚያው ናቸው፤ እንደሚያፍሩ፣ ግን ደክመው። «ልወስድህ ነው የመጣሁት» አለችው።

ከንፈሯን አየ። አልያዘውም። «ድገሚው» አለ።

ደገመችው። አሁንም አልገባውም፤ ፊቱ በኀፍረት ቀላ፣ ሊነሣ ቃጣው። ያኔ ከኋላዋ ወይዘሮ ስሜነሽ ቀረብ ብላ፣ «ቀስ በይለት፣ ልጄ። ፊትሽን ወደ ፀሐዩ አዙሪና ቃሉን ነጠል ነጠል አድርጊለት። እንደሱ ሲሆን ያነበዋል» አለቻት።

ደብሪቱ በርጩማውን አዞረች። እጆቹን ያዘች። «ልወስድህ… ነው… የመጣሁት።»

አበረ ከንፈሯ ላይ ዓይኑን እንደ ተከለ ቆየ። ቀስ በቀስ ገባው።

«እሺ» አለ። ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደ ተናገረው አላወቀም፤ ጎረቤቱ ግን ሁሉም ሰማው።